ማህተም የሌለው ደብዳቤ

እኔ ተጠራጣሪ ሰው ነኝ። ይህን ቀድሜ ካልነገርኳችሁ የምተርክላችሁ ነገር ግማሹ አይገባችሁም። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ክፍለ ከተማ ፍትሕ ጽሕፈት ቤት ዘጠኝ ዓመት ዐቃቤ ሕግ ሆኜ ሠርቻለሁ። ጠዋት ቢሮ ገብቼ ማታ እስክወጣ ሥራዬ የሚዋሸውን ከማይዋሸው መለየት ነበር። ሥራው አልቆ ቤት ስገባ ጠባዩም አብሮኝ ይገባል። ባለቤቴ ሜሮን ገበያ ቆይታ ከመጣች «የት ነበርሽ» ብዬ አልጠይቃትም፤ «ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት የት ነበርሽ» ነው የምላት። እሷም ለምዳው «ክቡር ዐቃቤ ሕግ፣ ምስክሮቼን ላቅርብ?» እያለች ታሾፍብኛለች።

ዲቪ ደርሶን አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከገባን በኋላ ኒው አልባኒ ያለ አንድ መጋዘን ውስጥ ተቀጠርኩ። ሥራዬ ካርቶን ስካን ማድረግ ነበር። ካርቶን አይዋሽም፤ ላዩ ላይ የተጻፈው ነገር ውስጡ አለ። ለዚህ ይሆናል ሥራው ያሰለቸኝ። ሦስት ዓመት እንደዚያ ከሠራሁ በኋላ ወደ ሙያዬ ካልተመለስኩ እብድ እሆናለሁ ብዬ ለሜሮን ነገርኳት። እሷ በእንክብካቤ ቤት ነው የምትሠራው። «አንተ ተማር፣ እኔ ሺፍት እጨምራለሁ» አለችኝ። ለምን እንዲህ ቶሎ ተስማማች ብዬ ሁለት ቀን ጠረጠርኳት።

ደንቡ ከስቴት ስቴት ይለያያል። እኔ በጠየቅኩበት ጊዜ የተነገረኝ፣ በውጭ አገር ሕግ የተማረ ሰው እዚህ ጥብቅና ለመቆም ከፈለገ በመጀመሪያ እውቅና ባለው የሕግ ትምህርት ቤት የድኅረ ምረቃ ትምህርት መከታተል፣ ከዚያም ለፈተና መቀመጥ እንዳለበት ነው። አመለከትኩና ሁለት ቦታ ተቀበሉኝ። ታሪኩ ሁሉ ከሁለቱ የትኛውን ልምረጥ የሚል ነው።

አንደኛው እዚሁ ከተማችን ውስጥ ያለ የሕግ ትምህርት ቤት ነበር። ክፍል ገብቶ መማር ግዴታ ስለሆነ የሥራ ሰዓቴን መቀየር ይኖርብኛል። ወጪውን በከፊል የሚሸፍን እርዳታም ሰጥተውኛል። ይህን ሁሉ ያስታወቁኝ ግን በምን ዓይነት ደብዳቤ መሰላችሁ? በኢሜይል ነው። «ሃይ ዮናስ!» ብሎ ይጀምራል። እንኳን ደስ ያለህ፣ መምጣትህን እስከ ዐርብ ከሰዓት በኋላ አምስት ሰዓት አሳውቀን፣ ካልሆነ ቦታውን ተራ ለሚጠብቅ ሌላ ሰው እንሰጣለን ይላል። መጨረሻው ላይ «ሜገን» ይላል። ቁጥር የለው፣ ግልባጭ የለው፣ ማህተም የለው። እኔ ያደግኩበት ቢሮ የጽዳት ሠራተኛ ለሦስት ቀን ፈቃድ ስትወጣ እንኳ ቁጥርና ማህተም ያለው ደብዳቤ ነው የሚጻፍላት።

ሁለተኛው በኢንተርኔት የሚያስተምር ኮሌጅ ነው። ያገኘሁት ፌስቡክ ላይ ሲሆን በማግስቱ ሄኖክ የሚባል ሰው በአማርኛ ኮል አደረገኝ። የመጀመሪያ ቃሉ «ክቡር ዐቃቤ ሕግ ዮናስ» የሚል ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ እንደዚያ ብሎ የጠራኝ ከሜሮን በቀር ማንም አልነበረም፤ እሷም ስታሾፍ ነው። እንዲህ በቀላሉ ግን የምሸነፍ ሰው አይደለሁም። «በመጀመሪያ ማህተም ያረፈበት የቅበላ ደብዳቤ ላኩልኝ፣ ከዚያ እንነጋገራለን» አልኩት። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ላከልኝ። በራስጌው ሚዛን አለ፣ በቀኝ በኩል ቁጥርና ቀን አለ፣ ከግርጌው ፊርማ፣ በፊርማው ላይ ደግሞ ክብ ሐምራዊ ማህተም ግማሽ ለግማሽ አርፏል። ለማን ለማን ግልባጭ እንደተደረገ እንኳ ተጽፏል። እንዲህ ነበር የእኔ ጥብቅ ምርመራ።

ዴድላይኑ ከመድረሱ በፊት በነበረው እሑድ ከጸሎት በኋላ ጋሽ ኃይሉን ቤተ ክርስቲያናችን ግቢ ውስጥ አገኘኋቸው። ጋሽ ኃይሉ ስድሳውን ያለፉ፣ አገር ቤት ዳኛ የነበሩ ሰው ናቸው። ሞርስ ሮድ ላይ ከቅመማ ቅመም ሱቅ ጎን አንዲት ጠባብ ቢሮ አለቻቸው፤ ሰነድ ይተረጉማሉ፣ ፎርም ይሞላሉ። በዚያው በኖርዝላንድ ሰፈር የሚኖር ሐበሻ ሁሉ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ «ጠበቃው ጋ ሂድ» ሲል እሳቸውን ማለቱ ነው።

«እህ ዮናስ፣ ትምህርቱ ከምን ደረሰ?» አሉኝ።

«ሁለት ቦታ ተቀብለውኛል ጋሼ። የኦንላይኑን ሳልመርጥ አልቀርም» ብዬ የኮሌጁን ስም ነገርኳቸው።

ፊታቸው ተለወጠ። መነጽራቸውን አውልቀው መጥረግ ጀመሩ፤ ዓይኖቻቸው ግን መነጽሩ ላይ አልነበሩም። «ተወው» አሉኝ።

«ለምን?»

«ተወው አልኩህ። የዚህን የከተማውን ግባ።»

«ምክንያቱን ቢነግሩኝ…»

«ሁሉም ነገር ምክንያት አለው እንዴ? ደስ አላለኝም። ተወው በቃ።»

እንግዲህ ዘጠኝ ዓመት ምስክር ያዳመጠ ሰው ይህን እንዴት ዝም ብሎ ያልፈዋል? ሰውዬው የሚያውቁት ነገር አለ፤ የሚያውቁትንም ይደብቃሉ። ይህን እርግጠኛ ነበርኩ፤ ልንገራችሁ፣ በዚህ በኩል አልተሳሳትኩም። ቤት ገብቼ ለሜሮን ስነግራት ሳቀች።

«የሰሙት ነገር ይኖራላ። ደግ ሰው ናቸው ያሉህን ስማቸው» አለችኝ።

«ደግ ሰው ከሆኑ ምክንያቱን ለምን ይደብቁኛል?»

«አንተ ደግሞ፣ ሁሉም ሰው ቃሉን እንዲሰጥህ ትፈልጋለህ።»

ማክሰኞ የአማቴን የልደት ሰርተፊኬት ለማስተርጎም ቢሮአቸው ሄድኩ። እውነቱን ለመናገር የልደት ሰርተፊኬቱ ሰበብ ነው፤ ዓይኔን ልጥል ነበር የሄድኩት። ጠረጴዛቸው ላይ፣ ከስቴፕለሩ አጠገብ፣ የከተማው ሕግ ትምህርት ቤት ብሮሸሮች ተቆልለዋል። ሃያ ይሆናሉ። አንድ ሰነድ ተርጓሚ የአንድን ትምህርት ቤት ብሮሸር ምን ያደርግለታል? አንዱን አንስቼ ገልበጥ ሳደርገው አዩኝ። ቦታው መለስኩት። በልቤ ግን መዝገብ ከፍቼ ነበር።

ሐሙስ መጋዘን ውስጥ እረፍት ላይ ሆኜ ሳንድዊቼን ስበላ ሜገን ደወለች። ስለ ውሳኔዬ ልትጠይቀኝ እንደሆነ ነገረችኝና «አንድ ወዳጅህም ደውሎልን ነበር፤ ትንሽ እንድንታገስህ ለምኖናል» አለችኝ።

«የምን ወዳጅ?»

«ሚስተር ሃይሉ። በጣም ጥሩ ሰው ናቸው።»

ሳንድዊቹን አስቀመጥኩት። ነገሩ ሁሉ ገጠመልኝ። ያለ ምክንያት «ተወው» ይሉኛል፤ ብሮሸር ጠረጴዛቸው ላይ ይከምራሉ፤ ከዚያ ደግሞ ሳልልካቸው ስለ እኔ ደውለው ይለምናሉ። ሰውዬው ለዚያ ትምህርት ቤት ደላላ ናቸው፤ በሚያስገቡት ሰው ልክ ይታሰብላቸዋል። ስደተኛውን እንደ በግ እየነዱ ያስገባሉ ማለት ነው። ንዴቱ አናቴ ላይ ወጣ። እረፍቱ ሳያልቅ እዚያው ቆሜ ለሜገን ኢሜይል ጻፍኩ። ስለተሰጠኝ ዕድል አመሰግናለሁ፣ ግን አልመጣም አልኩ። ላክሁት።

ማታ ራት ላይ ለሜሮን ነገርኳት። ሹካዋን አስቀመጠች።

«ካንስል አደረግከው?»

«አዎ።»

«ሳትነግረኝ?»

«ሰውዬው ሌባ ናቸው ሜሮን። ማስረጃ አለኝ።»

«እኔ ስለ ሰውዬው አልጠየቅኩህም» አለች። ተነሥታ ወደ ማጠቢያው ሄደች። ሜሮን ስትናደድ አትጮህም፤ ሳህን ታጥባለች። የታጠበውን ሁሉ ደግማ አጠበችው።

ዐርብ ከሥራ የወጣሁት ከቀኑ ስምንት ተኩል፣ በአሜሪካው ሁለት ተኩል ላይ ነው። ከዚህ በኋላ ሰዓቱን እንደ አሜሪካው እቆጥርላችኋለሁ። ሄኖክ ጠዋት ጀምሮ ሦስት ጊዜ ደውሎ «ክቡርነትዎ፣ ዛሬ ምዝገባውን እንጨርስ» ብሎኛል። እኔ ግን ከመመዝገቤ በፊት አንድ የምዘጋው ፋይል ነበረኝ። ያን ማህተም ያለውን ደብዳቤ አሳትሜ በክላሰር አድርጌ ወደ ሞርስ ሮድ ነዳሁ። በመንገድ ላይ የምናገረውን እንደ ክስ መክፈቻ ንግግር ተለማመድኩት። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል፤ ያን ጊዜ ግን ከመጣሁ ጀምሮ እንደዚያን ቀን ሕይወት ያለኝ መስሎ ተሰምቶኝ አያውቅም ነበር።

ቢሮው ውስጥ ሁለት ባለጉዳዮች ነበሩ። አንደኛዋ የወሎዋ እትዬ ዘይነባ ናቸው፤ እዚያው አካባቢ ግሮሰሪ አላቸው። ልጆቻቸውን ለማስመጣት ፎርም ሊያስሞሉ ነው የመጡት። ሁለተኛው ግርማ የሚባል የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ጋሽ ኃይሉ ቀና ብለው «ዮናስ፣ ና ተቀመጥ» አሉኝ። አልተቀመጥኩም።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት። በአንድ ተማሪ ስንት ነው የሚከፍሉዎት?»

«ማን?»

«ያ የሕግ ትምህርት ቤት። ኮሚሽንዎ ስንት ነው?»

ግርማ ከስልኩ ላይ ቀና አለ። እትዬ ዘይነባ «ኧረ ልጄ፣ ለሽማግሌ እንዲህ አይባልም» አሉ ዝግ ባለ ድምፅ።

«ሽማግሌ እውነት ከተናገረ ነው እትዬ» አልኩና ማስረጃዬን ዘረገፍኩት። እሑድ ያሉኝን፣ ማክሰኞ ያየሁትን፣ ሐሙስ የሰማሁትን አንድ በአንድ። ብሮሸሮቹን ከጠረጴዛው ላይ አንስቼ ለሁለቱ አሳየኋቸው። «እናንተንም የት የት እንደሚልኳችሁ አጣሩ። እኚህ ሰው ያለ ኮሚሽን አይሠሩም» አልኩ። እንዲህ ለማለት ምንም የያዝኩት ነገር አልነበረም። ቃሉ ከአፌ ወጣ።

እትዬ ዘይነባ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን የልጆቻቸውን ፎቶግራፍ ቀስ ብለው ወደ ራሳቸው ሳቡ። ጋሽ ኃይሉ አዩአቸው።

«ዮናስ፣ እነሱ ይጨርሱና ሁለታችን እንነጋገር» አሉኝ።

«የለም። እነሱ ባሉበት ይናገሩ። የሚደበቅ ነገር ከሌለ ምን ያስፈራዎታል?»

ይህን አባባሌን አልረሳውም። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ለስንት ሰው ብዬዋለሁ።

ጋሽ ኃይሉ ተነሥተው ከኋላቸው ያለውን የብረት ሣጥን በቁልፍ ከፈቱና የመጨረሻውን መሳቢያ ሳቡ። ከወረቀቶች ሁሉ ሥር አንድ የቆየ ፖስታ አወጡ። «ያንተን ደብዳቤ አምጣው» አሉኝ። ክላሰሩን ሰጠኋቸው። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

በራስጌው ያው ሚዛን አለ። ያው ፊርማ፣ በፊርማው ላይ ያው ክብ ሐምራዊ ማህተም ግማሽ ለግማሽ አርፏል። የእሳቸው ላይ ያለው ቀን ዐሥራ አንድ ዓመት ያለፈው ነው። ዓይኔ ከልማድ ወደ ቀኝ ሄደ፣ ወደ ቁጥሩ። ሰነድ ስመረምር መጀመሪያ የማየው ቁጥሩን ነው፤ የራሴን ደብዳቤ ግን ቁጥር መኖሩን እንጂ ቁጥሩ ምን እንደሆነ አይቼው አላውቅም። ሁለቱ ደብዳቤዎች ቁጥራቸው አንድ ነበር። በዐሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ያ መሥሪያ ቤት አንድ ደብዳቤ ብቻ ነው የጻፈው ማለት ነው።

 ያኔ ተቀመጥኩ።

«ሁለት ዓመት ተማርኩ» አሉ ጋሽ ኃይሉ። ለእኔ ብቻ አልነበረም የሚናገሩት፤ ባሉበት ይናገሩ ብዬ የለ። «ቀን ፓርኪንግ ሎት ውስጥ እየሠራሁ ማታ ተማርኩ። አንድ ክፍል አልቀረሁም። ዲፕሎማ ላኩልኝ፣ እሱም ማህተም አለው። እሱን ይዤ ለፈተና አፕላይ ሳደርግ ይህን ትምህርት ቤት አናውቀውም የሚል ሁለት መስመር ኢሜይል መጣልኝ። ሃይ ሃይሉ ብሎ ነው የሚጀምረው።»

«ታዲያ እሑድ ለምን አልነገሩኝም?»

«ምን ብዬ? ሰው ሁሉ ጠበቃው ይለኛል። ነኝ ብዬ አላውቅም። አይደለሁምም ብዬ አላውቅም።» መነጽራቸውን አወለቁ። «ብሮሸሮቹን ራሴ ሄጄ ነው የማመጣቸው። ሕግ ልማር የሚል ልጅ ሲመጣ አንድ እሰጠዋለሁ። ምክንያቱን ሳልናገር ማድረግ የምችለው ይህን ብቻ ነበር።»

ግርማ ተነሣ። «እና ጠበቃ አይደሉም ማለት ነው?» አላቸው።

«አይደለሁም።»

ወረቀቶቹን ሰብስቦ ወጣ። እትዬ ዘይነባ ቦርሳቸውን ከፍተው ዘጉ፤ እንደገና ከፈቱ። «የልጆች ጉዳይ ነው ጋሽ ኃይሉ። ትንሽ ላስብበት» አሉና እሳቸውም ፎቶግራፉን ይዘው ወጡ። ጋሽ ኃይሉ በሩ እስኪዘጋ ድረስ በዓይናቸው ሸኟቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«አራት ሰዓት ሊሆን ነው። አምስት ሰዓት ይዘጋል አላለችህም? ለዚያች ልጅ መልስ ስጣት።»

«መልስ ሰጥቻለሁ። ትናንት አልመጣም ብዬ ጽፌያለሁ።»

ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቆጡ አየኋቸው። «ታዲያ እዚህ ምን ትጎለታለህ? ተነሣ እንጂ» አሉ።

ከመኪናው ሆኜ ለሜገን ደወልኩ፤ መልእክት ተው ይላል። ተውኩ። እንደገና ደወልኩ። ሀይዌዩ ላይ ስወጣ ዐርብ ከሰዓት መሆኑን አስታወስኩ፤ መኪናው ሁሉ ቆሟል። የሦስት ዓመት ከመጋዘን የመውጣት ሕልሜ በዚያ የቆመ መኪና መሐል እየተንፏቀቀ ነበር።  ሜሮን የታጠበውን ሳህን ስታጥብ ትታየኛለች። ለራሴ የማልነግረው ደግሞ ሌላ ነበር። ጋሽ ኃይሉ በባዶ ቢሮ ውስጥ ሁለቱን ወረቀቶች ሲያዩ ይታዩኛል።

መኪናዬን የት እንዳቆምኩ እንኳ አላየሁም፤ በኋላ ቅጣት ተለጥፎባት አገኘኋት። አምስት ሰዓት ሊሞላ ሩብ ሲቀረው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ደረስኩ። ሜገን የተባለችው ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለች። ሃያዎቹ መጨረሻ ላይ ያለች፣ የጭቃ ቦት ጫማ ያደረገች ልጅ ናት። እንዴት ያለ ሥልጣን ያለው ሰው ጠብቄ ነበር መሰላችሁ።

«ዮናስ ነኝ። ኢሜይሌን… ተሳስቻለሁ» አልኳት። መንገድ ላይ ከተለማመድኩት ንግግር ሁሉ የወጣልኝ ይኸው ነው።

«አየሁት። ገርሞኝ ነበር» አለች። ኮምፒዩተሯን መልሳ ከፈተች። «ትናንት ወዲያው ለሚቀጥለው ሰው መላክ ነበረብኝ። ግን ያ ወዳጅህ ሲደውል፣ ሐሳቡን ይቀያይር ይሆናል፣ እባክሽ እስከ መጨረሻው ደቂቃ ቦታውን አታንሺበት ብሎ ለመነኝ። እስከ አምስት ልቆይ ብዬ ተውኩት።»

 በክሴ ውስጥ ሦስተኛው ማስረጃ ያደረግኩት ስልክ ነው ቦታዬን ያቆየልኝ። ፈርም የምትዪኝ ቦታ ካለ አሳዪኝ አልኳት፤ እሺ ብላ አንድ ቁልፍ ተጫነችና «በቃ፣ አልቋል» አለችኝ። ክላሰሩን በእጄ እንደያዝኩ ነበር። ያን ደብዳቤ አሳየኋትና «ይህን ታውቂዋለሽ?» አልኳት። ዞር ዞር አድርጋ አየችው። ማህተሙ ላይ ጣቷን አሳርፋ «ይህ ክብ ነገር ምንድን ነው?» አለችኝ። ልታሾፍብኝ አልነበረም፤ የምር አላወቀችውም።

ቅዳሜ የጋሽ ኃይሉ ቢሮ ተዘግቶ ነበር። እሑድ ቤተ ክርስቲያን አልመጡም። ወሬው ግን ቀድሞ መጥቷል። «ጠበቃው ጠበቃ አይደሉም አሉ፤ ኮሚሽንም ይበላሉ» ይባላል። ሁለተኛውን የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ከእኔ ጎን የቆመች ሴት ለእኔው ስትነግረኝ እሰማለሁ።

ሜሮን ሁሉንም ካዳመጠች በኋላ «ይቅርታ ጠይቃቸው» አላለችኝም። «የተናገርከው በሰው ፊት ነው፤ ሂድና ለእነዚያው ሰዎች እውነቱን ንገር» አለችኝ። ሰኞ እትዬ ዘይነባ ግሮሰሪ ሄድኩ። ሲያዩኝ ፊታቸውን ወደ ሚዛኑ አዞሩ። ግርማን በስልክ ለማግኘት አንድ ቀን ፈጀብኝ። ረቡዕ ሁለቱንም ለምኜ ወደዚያች ቢሮ ይዣቸው ሄድኩ፤ ጋሽ ኃይሉ ከፍተው ነበር፣ ባለጉዳይ ግን አልነበረም። ያን ዐርብ በቆምኩበት ቦታ ቆምኩ። «ኮሚሽን ይበላሉ ያልኩት ሐሰት ነው። ማስረጃ አልነበረኝም። የነበረኝ ጥርጣሬ ብቻ ነው፤ እሱንም እንደ ማስረጃ አቀረብኩት» አልኩ። በሕይወቴ ከተናገርኩት ሁሉ አጭሩና ከባዱ ንግግር ነው።

እትዬ ዘይነባ አሰቡ። «ጠበቃ አለመሆናቸውስ?» አሉ።

«እሱ እውነት ነው» አሉ ጋሽ ኃይሉ ራሳቸው።

«ፎርም ለመሙላት ጠበቃ መሆን ያስፈልጋል እንዴ?»

«ይህን ለመሙላት አያስፈልግም። የሚያስፈልግበት ቦታ ከደረስን እነግርዎታለሁ።»

«እንግዲያው ይሙሉልኛ» አሉና ተቀመጡ። ግርማ ግን ተመልሶ አልመጣም። አሁንም ፎርሙን ሌላ ቦታ ያስሞላል።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በተለይ እንደ እኔ ዲግሪያችሁን ሻንጣ ውስጥ ይዛችሁ የመጣችሁ፣ ምን ልምከራችሁ ብዬ ብዙ አስቤያለሁ። አትጠርጥሩ አልላችሁም። ጥርጣሬዬን አልተውኩም፤ ሜሮን ምስክር ናት። ትምህርት ቤት ስትመርጡ ግን ፈቃድ ሰጪው አካል ያውቀዋል ወይ ብላችሁ ራሳችሁ እዚያው ደውላችሁ ጠይቁ፤ እኔ ይህን ቀላል ነገር አላደረግኩም። ሰውን ሁሉ መርምሬ ወረቀቱን ሳልመረምር ቀረሁ። የገዛ ማዕረጌን ሲጠራልኝ የነበረውን ድምፅ አንድም ጊዜ አልጠረጠርኩትም። ደስ የሚለኝን ነገር ስለሚነግረኝ ነበር። ይህን ለራሴ ማመን ከፈተናው በላይ ከብዶኛል።

ትምህርቱን ጨረስኩ። ለፈቃድ ሳመለክት ፎርሙ ስለ ጠባዬ የሚመሰክሩ ሰዎች ስም ጠየቀኝ። ጋሽ ኃይሉን ደወልኩላቸው። «የእኔ ምስክርነት ምን ይጠቅምሃል?» አሉኝ። ይጠቅመኛል አልኳቸውና ስማቸውን መጀመሪያ ላይ ጻፍኩት።

ከወራት በኋላ ለቃለ መጠይቅ ተጠራሁ። የሚጠይቁኝ ሁለት ጠበቆች ናቸው፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት። ሴትየዋ ፋይሌን እያገላበጠች ቆየችና አንድ ገጽ ላይ ቆመች።

«ሚስተር ሃይሉ በሰው ፊት በሐሰት ከሶኛል ብለው ጽፈዋል። እውነት ነው?»

 ያ የቀድሞው ዮናስ በአንድ አፍታ ተመልሶ መጣ። ሰውዬው ይህን ሁሉ ጊዜ ቂም ይዘው ቀን ሲጠብቁልኝ ነበር አልኩ በልቤ። መካድ እንደሚቻልም አውቃለሁ፤ ሲካድ ስንት ጊዜ አይቻለሁ።

«እውነት ነው» አልኩ።

«ለምን?»

ነገርኳት። ማህተሙን፣ ብሮሸሩን፣ ሳንድዊቹን ሳይቀር። ወንድየው አንድ ጊዜ ፈገግ አለ፤ እሷ አላለችም። ስጨርስ ወደ ወረቀቱ ተመለሰች።

«ቀጥለው የጻፉትን ላንብብልህ» አለችኝ። «በዚያው ሳምንት እነዚያኑ ሰዎች ይዞ መጥቶ፣ እዚያው ክፍል ውስጥ ሐሰት ነው አለ። ዳኛ በነበርኩበት ዘመን ይህን ያደረገ ዐቃቤ ሕግ አላየሁም። ጉዳይ ቢኖረኝ ለእሱ እሰጠዋለሁ።»

ከሕንጻው ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ ገባሁና አለቀስኩ። ከዚያ ጋሽ ኃይሉ ጋ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ባይጽፉት ምን ነበረበት? ልቤን ቀጥ አድርገውት ነበር እኮ።»

«ስለዚህ ሰው ማወቅ የሚገባን ነገር አለ ወይ ብለው ጠየቁኝ» አሉ። ከኋላቸው የእትዬ ዘይነባ ልጆች ድምፅ ይሰማል፤ በእንግሊዝኛ ይጨቃጨቃሉ። «ያን ሁሉ ዓመት ተጠይቄ ዝም ብያለሁ ዮናስ። ከአሁን በኋላ ሲጠይቁኝ እመልሳለሁ።»